ገበያ የማይፈታበት ጠረጴዛ

ሸሻይ የሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ መርሳ አጠገብ ካለችው ግራና ከገበሬዎች ገዝቶ ወልድያ ይሸጣል። አባቱ ያወረሱት ሕግ አንድ ነው፦ ዕቃህ በጊዜ ካለቀ ቤትህ ግባ፤ ካላለቀ ገበያው እስኪፈታ ከቦታህ ንቅንቅ አትበል። በዚህ ሕግ ሰው ሆኗል። ጉዱ የመጣው ይህንኑ ሕግ ይዞ በስልኩ ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር መጫወት ሲጀምር ነው።

ሲቀናው በሩብ ሰዓት ይነሳል። ሲከስር ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። «ከሃያ ቀን አስራ ስድስቱን አሸንፌያለሁ!» ይላል ለሚስቱ ለሰምሃር። እውነቱን ነው። የአስራ ስድስቱን ቀን ትርፍ አራቱ ቀን ጠራርገው እንደወሰዱት ግን ትንፍሽ አይልም። የስልክ ቁማር ጠረጴዛ ላይ ገበያ እንደማይፈታ ማን ይንገረው!

ያን ዕለት ወልድያ ላይ እትዬ ፀሐይ ሱቃቸውን ሊያከራዩት ቀጥረውታል። ሰምሃር ስድስት ዓመት ሙሉ አቧራ ላይ ዘርግታ ስትሸጥ የተመኘችው ሱቅ ነው። ቀብዱ በሸሻይ ስልክ ውስጥ አለ። እስከ ስድስት ሰዓት ቀርቦ ካልተዋዋለ ለሌላ ሰው ይሰጡታል።

ሦስት ሰዓት ላይ መርሳ መናኸሪያ ደረሰ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ብሎ ስልኩን ከፈተ። ቀብዱን ነክቶ ትንሽ ከሰረ።

«ወልድያ! አንድ ሰው የቀረው!» ረዳቱ ጮኸ። ሸሻይ ቀና አላለም። ሚኒባሱ ሄደ። ሁለተኛውም ሄደ። የቀብዱ ግማሽ አለቀ።

አምስት ሰዓት ላይ ሰምሃር ከወልድያ ደወለች። «የት ደረስክ? እትዬ ፀሐይ ቁልፉን ይዘው ቆመዋል እኮ!»

«መንገድ ላይ ነኝ» አለ። ውሸቱ ለራሱም አስፈራው። ሦስተኛው ሚኒባስ ጥሩንባ ነፍቶ ወጣ፤ እሱ ግን እንደ ተጣበቀ ቀረ። ገንዘቡን ሳይመልስ እንዴት ይነሳ!

አምስት ተኩል ሲያልፍ ሁለት ንጉሥ ካርታ ደረሰው። ያለውን ሁሉ አስያዘ። ሦስተኛ ንጉሥ ወጣ። ገንዘቡ ተመለሰ፤ ትንሽም ተረፈው። አስራ ሰባተኛ ድሉ ነው ማለት ነው! ብድግ ብሎ ሮጠ፤ የተሰለፈው ሚኒባስ ግን ገና ባዶ ነበር።

ወልድያ ሲደርስ ሰባት ሰዓት ሊሞላ ነበር። የሱቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የማያውቀው ሰው የዘይት ጀሪካን ያስገባል። ሰምሃር ከበሩ ፊት ለፊት መሬት ላይ ማዳበሪያዋን ታነጥፋለች።

«ብሩ ሙሉ ነው» አላት እያለከለከ። «አሸንፌያለሁ።»

ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። «ጎሽ! በል እዚሁ አቧራው ላይ አጠገቤ ቁጭ በልና ቁጠረው።»