የእትዬ ኦቲሊያ ቀጭን ጥይት

ፖላንድ አገር፣ ቱሆላ ጫካ ዳር የወተት መኪና የምትነዳ ሴት አለች፣ እትዬ ኦቲሊያ። አደን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ስለሷ ሳወራ ቶሎ ደሜ ይፈላል፣ ቻሉኝ።

ጠመንጃዋ ስድስት ነጥብ አምስት ሚሊሜትር ነው። ጥይቱ እንደ እርሳስ ቀጭን ነው፣ ግን ለአጋዘንም ለዱር አሳማም ሕጉ ይፈቅደዋል። ስትገዛ ሱቁ ውስጥ ያለውን ሁሉ ትከሻዋ ላይ እያደረገች ሞክራ ነው የመረጠችው። ሰደፉ ሲረዝምባት ደግሞ አናጢ ዘንድ ወስዳ ሁለት ጣት ያህል አስቆረጠችው። "አሳማ የሚወድቀው ሳንባው ሲመታ ነው እንጂ ያንተ ትከሻ ሲበልዝ አይደለም" ትለኛለች።

የአዳኞች ማህበራችን አለቃ ጋሽ ዜኖን ግን ይሄ አይገባውም። የሱ ሦስት መቶ ማግነም የሚሉት ኃይለኛ ጠመንጃ ነው፣ ሲተኮስ ዛፉ ላይ ያለ በረዶ የሚያራግፍ። አምና ለአሳማ አደን ልንወጣ ስንል፣ ይሄን የድንቢጥ መምቻ ቤትሽ አስቀምጪ፣ የወንድ ጠመንጃ ካልያዝሽ ቦታ የለሽም ብሎ የራሱን ትርፍ ማግነም አሸከማት። ምን ታድርግ፣ ተቀበለች። ሞክራው ስትመለስ ትከሻዋ ጠቁሮ ነበር። የአደኑ ቀን ገና ቃታውን ሳትስበው ሰውነቷ ቀድሞ ሸሸ፣ አሳማውን ሆዱ ላይ መታችው። ሌላው የማህበራችን አዳኝ ጋሽ ሊዮን በውሻው እየመራን የቆሰለውን አሳማ ስንከተል ዋልን። ረግረጉ ውስጥ በሕይወት አገኘነው። እሷ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ጋሽ ዜኖን ምን ቢል ጥሩ ነው? ሴትና አሳማ አይገናኙም! ጥፋቱ የጠመንጃው መሆኑ ቀርቶ የእሷ ሆነ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ በአዳኞች ጠባቂ በቅዱስ ሁቤርት በዓል የሚደረገው አደን ሲቃረብ ጠመንጃ ለማስተካከል ተኩስ ሜዳ ተሰበሰብን። ኦቲሊያ የራሷን ይዛ መጣች። ሦስት ተኮሰች፣ ሦስቱም መሀል፣ በመዳፍ ይሸፈናሉ። ጋሽ ዜኖን የዒላማውን ወረቀት ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ በዚህ የምትመጪ ከሆነ ዘንድሮ ቤትሽ ቅሪ አላት። ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ይሄን አደን መሆኑን እያወቀ!

አልተከራከረችውም። እንግዲያው በማግነሙ አንተው አሳየኝ፣ እኔ ላጉርስልህ አለችው። ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። ሁለቴ ተኮሰ፣ አንዱ ዳር ላይ አረፈ፣ ሌላው ወረቀቱንም አላገኘው። ሦስተኛውን ስታጎርስ ግን እሱ ሳያያት ባዶ ቀለህ ነው ያስገባችው።

ቃታውን ሳበ። ቀጭ፣ በቃ። ጩኸት የለ፣ እርግጫ የለ። አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ተደፋ፣ ዓይኑ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። በባዶ ቀለህ!

"ዜኖን፣ አንተንም ያስበረግግሃል እኮ" አለ ጋሽ ሊዮን ውሻውን እያሻሸ። ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ዜኖን ቃታው ጠጥሮ ነው ምናምን ብሎ ተንተባተበ።

ኦቲሊያ አልሳቀችም። "መበርገጉ ነውር የለውም፣ እኔም በርግጌያለሁ" አለችው። "ነውሩ እያወቅህ እኔን ማሸከምህ ነው።"

ፊቱ ቀላ። "በይ እንግዲህ ነይ፣ እኔ ምን ቸገረኝ" አለ፣ ልክ ከኪሱ አውጥቶ እንደሚመጸውታት! ይቅርታ የምትባል ቃል አልወጣችውም፣ እስከ ዛሬም አልወጣችውም።

እሷ ማግነሙን ከፊቱ አንስታ መልሳ አስታቀፈችውና፣ "ታዲያ በአደኑ ቀን የምቆመው የት ጋ ነው?" አለችው።