ከራውተሬ ጀርባ የወጣው ነጭ ገመድ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ክረምቱን ሙሉ ላፕቶፔ ዋይፋዩን ይይዛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም ይለኛል። ኢንተርኔት አቅራቢዎቹ ጋ ደውዬ ያልተናገርኩት ክፉ ቃል የለም።

አንድ ቅዳሜ ረጋ ብዬ ላፕቶፔ የሚሠራበትን ሊኑክስ ወደ ኢንተርኔት የምትወጣው በየት በኩል ነው ብዬ ጠየቅኩት። መውጫዬ ብሎ ያሳየኝ አድራሻ የኔ ራውተር አይደለም! ክው አልኩ። በገዛ ቤቴ ቁጭ ብዬ በማን በር ነው የምወጣው?

ራውተሩን ሳብ ሳደርገው፣ ከጀርባው የማላውቀው ነጭ ገመድ ወጥቶ በመስኮት ወደ ታች ይወርዳል። ባለቤቴን ጠራኋት።

«ከሥራችን ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ናቸው። ከኛ ኢንተርኔት እንድናካፍላቸው የራሳቸውን ራውተር ገዝተው መጡ፤ ጎረቤት ሲለምን እንዴት እምቢ ይባላል?» አለችኝ፣ ጨው የሰጠች ያህል።

ገመዱን ልነቅል እየፎከርኩ ወረድኩ። እትዬ በፈገግታ አስገቡኝ። የሳቸው ራውተር ላይ ገመዱ የተሰካው በተሳሳተ ቀዳዳ ነው፤ ስለዚህ ራውተሩ «መውጫው እኔ ነኝ» እያለ ላፕቶፔን ወደ ባዶ ይሰዳል።

«ለመሆኑ ለርስዎ ይሠራል?»

«አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም፣ ልጄ። በነጻ የተሰጠኝን አልሠራልኝም ብዬ ላስቸግርህ? ይሉኝታ የለኝም እንዴ?»

ወደ ገመዱ ጎንበስ አልኩ። ዓይኔ ግን ከሳቸው ራውተር ጀርባ ወጥቶ በመስኮት ወደ ሁለተኛ ፎቅ የሚወርድ ሌላ ነጭ ገመድ ላይ ቀረ።

«ይሄስ?»

«የታችኞቹ ናቸው» አሉኝ። «ጎረቤት ሲለምን እንዴት እምቢ ይባላል?»