አባቴን «ሴት» ያልኩበት ግጥም

«አንቺ ገጣሚ ነኝ ትዪ የለ? ግጥም ሲነገር ምን ያበሽቅሻል?» አሉኝ ጋሽ ወልዴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም።

«ይሄ ስድብ ነው ጋሼ። ይተዉት።»

ባለፈው እሁድ ነው፤ ሰባተኛ ሰፈር፣ ወላጆቼ ቤት ምሳ በልተን ተቀምጠናል። የወንድሜ የሳሚ ሚስት ሥራ ስለገባች ልጃቸውን ይዞ የመጣው እሱ ነው። ሶፋው ላይ አጋድሞ ዳይፐር ሲቀይርለት ጋሽ ወልዴ አዩትና «ከአባቱ የወረሰው ነው» ብለው ያን ግጥም አወጡት፦

ሚስት ጣቃ ዘርግታ ሜትር ስትለካ፣
ባል ምሳ ያቀርባል፤ ሴት ነበረ ለካ።

ሳሚ አንገቱን ደፋ። አባቴ ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጠ።

«ደግሞ ግጥሙ የኔ አይደለም» አሉ ጋሽ ወልዴ። «የመርካቶ ነው።»

የመርካቶ አይደለም። ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እናቴ መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ጣቃውን በጣቷ ዳብሳ የየት ፋብሪካ እንደሆነ ትናገራለች። አባቴ ደግሞ ቤት ነው። ታሞ ወይም ከሥራ ተባሮ አይደለም። «እሷ ንግድ ትችላለች፣ እኔ ወጥ እችላለሁ» ይል ነበር፤ ሲናገረው አያፍርም። የማፍረው እኔ ነበርኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ በጋሪና በተሸካሚ መሃል እየተሽሎከሎከ ሲመጣ እንዳላየሁት ሆኜ የማልፈው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን የክፍሌ ልጆች አዩት። እነሱ ከመሳቃቸው በፊት ልቅደም ብዬ ደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፍኩና «ገበያ የሰማሁት ነው» ብዬ አነበብኩላቸው። ሳቁ። አብሬ ሳቅሁ። ሳምንት ሳይሞላ ጣቃ የሚያራግፉ ተሸካሚዎች እየተቀባበሉ ይሉት ጀመር። ወንዶቹስ ይሁን። ሲነጋ ወጥተው ሲመሽ የሚገቡት፣ ራሳቸው ጣቃ የሚዘረጉት ሴቶችስ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው የሚስቁት ምን አግኝተው ነው? ምሳ የሚያደርስላቸው ሰው ማግኘት ነው የሚያስቀው? ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ግን በማን ላይ ነው የምቆጣው? ግጥሙን በአፋቸው ያኖርኩት እኔ አይደለሁም?

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ። ከእናቴ ሱቅ ጎን የሚነግደው ጋሽ አወል የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበር፤ በእኛ ፆም ቀን ከአባቴ ሽሮ ሳይጎርስ አይውልም። ቀልደኛ ስለነበር አባቴ እሱን ጠረጠረ። «እንጀራዬን እየበላህ አዋረድከኝ» አለው በሰው ፊት። ጋሽ አወል ምሎ ተገዘተ፤ አባቴ አላመነውም። እኔ እዚያው፣ ከሁለቱ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ዝም አልኩ።

አባቴ ምሳ ማምጣት ተወ። መንጃ ፈቃዱን አሳደሰና ለአትክልት ተራ ሽንኩርት የሚያመጣ አይሱዙ ላይ ሹፌር ሆነ። አንዳንዴ ወር ሙሉ አይመጣም ነበር። ዘመዶቻችን «አሁን ገና ወንድ ሆነ» አሉ። እናቴ ምሳዋን በደረቅ ዳቦና በሻይ ለመደችው። ሳሚ የአባቱን ፊት ሲያይ የሚያፍር ልጅ ሆኖ አደገ።

ልጅ ነበርኩ ልበል? ልጅነቴ ካለፈ ስንት ዓመቱ። ዛሬ ሃያ ሰባት ሞልቶኛል፤ መድረክ ላይ ወጥቼ ስለ ሴቶች መብት የጻፍኩትን ሳነብ ይጨበጨብልኛል። «ሴት» የሚለውን ቃል ለገዛ አባቴ ስድብ ያደረግኩት እኔ ነኝ እኮ። ማን አስተማረሽ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ሰፈሩ ሁሉ አስተምሮኛል። የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ፤ ዝም ያልኩትም እኔ። ፍረዱብኝ እንጂ አትዘኑልኝ።

«የኔ ነው» አልኩ።

«ምኑ?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ግጥሙ። አሥራ አምስት ዓመቴ እያለ ነው የጻፍኩት።»

ጋሽ ወልዴ ሊስቁ ጀምረው ተዉት። አባቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋ።

«አወል አይደለም?»

«አይደለም፣ አባዬ።»

«ስሰድበው አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

ይቅርታ ልለው ስነሳ መዳፉን ዘርግቶ አስቆመኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ።

«አወል ዛሬ ሱቅ አለ?»

«አለ። እሁድም አይዘጋም።»

ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ለበሰ። አንዱ እጅጌ አልገባ ብሎት ሲታገል እናቴ ልታግዘው ተነሳች፤ አልጠበቃትም።

«አባዬ፣ አብሬህ ልምጣ፤ እኔው ልንገረው» አልኩት።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መንገዱን ታውቂው ነበር» አለኝ ሳያየኝ፤ ወጣና በሩን ዘጋው።