በእግሬ ነው የሄድኩት

ስእለቱ የእኔ ነበር። ሚስቴ ጳውሎስ ሆስፒታል ለኦፕራሲዮን የገባች ዕለት ከበሩ ውጭ ቆሜ፣ «አባቴ ተክለ ሃይማኖት፣ ይቺን ሴት በእግሯ ካወጣህልኝ እኔም በእግሬ ደብረ ሊባኖስ እመጣለሁ» አልኩ። ወጣች። ተራው የእኔ ሆነ።

ብቻዬን መሄድ ነበረብኝ። ግን አፌ አላርፍ ብሎ ለአበልጄ ነገርኩት። አበልጄ የሴት ልጄ የክርስትና አባት ነው። እኔ ግንብ እገነባለሁ፣ እሱ ሴራሚክ ያነጥፋል፤ ጉለሌ ውስጥ አብረን ያልሠራንበት ግቢ የለም። በጎልማሳነቴ ዊንጌት አካባቢ የማታ ትምህርት ያስገባኝም እሱ ነው። «እስከ መቼ ነው ጣትህን ቀለም እየነከርክ የምትፈርመው?» ብሎ እጄን ጎትቶ አስመዘገበኝ። ይሄን ውለታውን አልክድም። መካድ የእሱ ሙያ ነው።

«ብቻህንማ አትሄዳትም» አለኝ። የማኅበራችን ሙሴም ሰሙ። ሙሴ የምንለው የተክለ ሃይማኖት ጽዋ ማኅበራችንን የሚመሩትን ሰውዬ ነው፤ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። «እኔ ስንቱን በረሃ በእግሬ ያቋረጥኩ ሰው፣ ይቺ ታቅተኛለች?» አሉ። ማኅበሩ ፊት ሦስታችንም «በእግራችን» ብለን ቃል ገባን። ሴቶቹ እልል አሉልን።

ለነሐሴው ንግሥ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጣን። ጉሙ ዳገቱን ውጦታል። እኔ እያነበብኩ ነበር የምሄደው። በልጅነቱ የተማረ ሰው ይሄ አይገባውም፤ ዘግይቶ የተማረ ዓይን ጽሑፍ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። የጎሚስታውን፣ የሥጋ ቤቱን፣ የግቢ በር ላይ የተጻፈውን «ውሻ አለ» ሳይቀር ጮክ ብዬ አነባለሁ።

«ኧረ አንተ አንባቢ፣ መንገዱን ዳዊት አደረግኸው እኮ!» ይለኛል አበልጄ።

«ተወው፣ እዚያ እስክንደርስ ይደግመዋል» ይላሉ ሙሴው።

ሳቅን። ያኔ ሳቁ የሦስታችን ነበር።

ሱሉልታ ዝናቡ ተቀበለን። ጫንጮን ካለፍን በኋላ የፕላስቲክ ጫማዬ ተረከዜን ልጦት ማነከስ ጀመርኩ። አበልጄ ቆሞ ጠበቀኝ። «ጋቢህንና ስንቅህን ወዲህ በል፣ እኔ ልያዝልህ። ቀስ እያልክ ድረስብን። ሙከ ጡሪ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ እንጠብቅሃለን» አለኝ። ሰጠሁት። መረቅሁትም፣ የእኔ ነገር።

ሜዳው ገላጣ ነው፤ ሰው ከሩቅ ይታያል። ዝናቡ ሲብስ አንድ አይሱዙ ጭቃ ረጭቶብኝ አለፈና እነሱ ጋ ሲደርስ ቆመ። መጀመሪያ ሙሴው ተደግፈው ወጡ። ቀጥሎ እሱ። የእኔን ጋቢ ከራሱ ላይ ደርቦታል፤ የጥለቱን ሰማያዊ የትም ባየው አውቀዋለሁ። ተጣራሁ። ዞሮ አየኝ። አየኝ ነው የምላችሁ። ከዚያ ሸራው ስር ገባ።

ቢያማክሩኝ እኮ «እናንተ ሂዱ» እላቸው ነበር። የሙሴው ጉልበት አርጅቷል፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ስእለቱም የእኔ እንጂ የእነሱ አይደለም። ግን በዝናብ፣ ያለ ጋቢ፣ ያለ ስንቅ! መንገድ አብሮ የወጣ ሰው እንዲህ አይደረግም።

በእልህ ሄድኩ። መሸት ሲል አንዲት ገበሬ ከደጇ ሆና «ኮቱ! ና ግባ!» ብላ ጠራችኝ። እሳት ዳር አስቀምጣ የገብስ ቂጣ አበላችኝ፤ አሳደረችኝ። በማግስቱ ሙከ ጡሪ ስደርስ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ጮክ ብዬ አላነበብኩም። አንድ የኪሎሜትር ድንጋይ ጭቃ ሸፍኖት ነበር፤ በርከክ ብዬ በመዳፌ ጠርጌ ቁጥሩን አየሁት። ከሰው ይልቅ ድንጋዩ እውነቱን ነገረኝ።

ደብረ ሊባኖስ የደረስኩት በዋዜማው ነው። ከጉለሌ በአውቶቡስ የመጡ ምእመናን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። አበልጄ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ብድግ አለ።

«አበልጅ! መኪና አገኘህ? ተመስገን!»

ከሰው ሁሉ ፊት ነው፣ ጮክ ብሎ። መጥቶ አቀፈኝና በጆሮዬ፣ «አንድ ነገር እንዳትል፤ ሙሴውን ታዋርዳቸዋለህ» አለኝ። ሙሴውን አየኋቸው። መቁጠሪያቸውን ያያሉ። ቦታው ቅዱስ ነው፣ ጠብ አይነሣበትም ብዬ ዋጥኩት። ለሚስቴም ቀድሞ ስልክ ደውሎ፣ «እግሩን አሞት መኪና ላይ አሳፍረነዋል፣ አታስቢ» ማለቱን ያወቅሁት ቤት ስገባ ነው።

ሚስቴ ውኃ አሙቃ ጨው ጨመረችበት። እግሬን ስታነሣው ተረከዜ ሥጋው ወጥቷል፤ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል። ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። «በእግርህ ነው የሄድከው» አለች። አለቀሰች። እኔ ያን ቀን ሌላ ምስክር አላማረኝም።

በወሩ ጽዋው እኛ ቤት ደረሰ። አበልጄ ጋቢዬን አሳጥቦ፣ አጥፎ ይዞልኝ መጣ። ጠላ ከቀመሰ በኋላ የመንገዱን ታሪክ ጀመረ፤ ጭቃውን፣ ብርዱን፣ እሱና ሙሴው ተደጋግፈው እንዴት እንደ ዘለቁት። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ እቀዳለሁ።

«ውሸት ነው» አልኩ። «አይሱዙ ላይ የወጣችሁት እናንተ ናችሁ። በእግሬ የሄድኩት እኔ ነኝ። መንገዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ልጥራላችሁ?» ብዬ ከጫንጮ በኋላ ያለውን አንድ በአንድ መጥራት ጀመርኩ።

አበልጄ አልደነገጠም። ፈገግ አለ። «እህ፣ ከመኪና መስኮት ነዋ ያነበብከው! በእግሩ የሚሄድ ሰው እግሩን እንጂ ታፔላ መች ያያል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጽዋውን ሊባርኩ የመጡት ቄስ ሳይቀሩ ሳቁ። ያስተማረኝ ሰው በተማርኩት መታኝ። ስለ ድንጋዩ፣ ጭቃውን በመዳፌ ስለ መጥረጌ ልናገር አፌን ብከፍት ማን ይስማኝ?

ወደ ሚስቴ ዞርኩ። «አንቺ እግሬን አይተሻል። ንገሪያቸው።»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም እሷን አዩ። እሷ አበልጄን አየች፤ ሙሴውን አየች፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አባታችን፣ ዳቦውን ይባርኩልን» አለች።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጠየቅኋት። «ልጃችን ልትዳር ነው» አለችኝ። «የክርስትና አባቷን ውሸታም ብለን በማን ፊት ልንድራት ነው? እኔ አይቻለሁ፣ እግዜር አይቷል፣ አይበቃህም?»

ያቺን ሴት በእግሯ እንድትወጣልኝ ነበር የተሳልኩት።

«አይበቃኝም» አልኳት።

ጋቢው እንደ ታጠፈ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። አልለብሰውም።