እጅን ወደ ኋላ

ባለቤቴ ደንበኛ በእጁ ነክቶ አያውቅም። መርካቶ ውስጥ፣ እኛ ብርድ ልብስና አንሶላ በምንሸጥበት ጠባብ መተላለፊያ፣ ይህ እንደ ስንፍና ይቆጠር ነበር። ሌላው ሻጭ ሁሉ አላፊ አግዳሚውን እጅጌውን ይዞ ወደ ሱቁ ይጎትታል። እኔም ጎትቻለሁ። እሱ ግን ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከሰውየው ጎን፣ በመውጫው በኩል ግማሽ እርምጃ ቀደም ብሎ ይራመዳል። ሰው ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ እግሩን ካየሽ ግን አያመልጥሽም ይለኝ ነበር። ሰውየው ሳይታወቀው ራሱን ሱቃችን ውስጥ ያገኘዋል።

እሱ ካረፈ ወዲህ ሱቁን የምከፍተው እኔ ነኝ። ልጃችን ስለ አባቷ አንድ ቃል መናገር አቅቷት ነበር። ስሙ በተነሳ ቁጥር ብድግ ብላ ትወጣለች። ማልቀሷን ለምጄው ነበር፣ ዝምታዋን ግን አልቻልኩትም። የምትስቀው እሑድ ጠዋት፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ፍሪዝቢ ስትጫወት ብቻ ስለሆነ፣ እኔም እየሄድኩ ግንቡ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ።

አንድ እሑድ ከቡድኗ አንዲት ሴት ቀረች። ልጄ፣ «እናቴ ትግባልን» አለች። ጥቁር ለብሼ ሜዳ ለሜዳ ልሮጥ ነው ወይ ብላት፣ ከቁምጣዋ በላይ የለበሰችውን ቱታ አውልቃ ከቀሚሴ ስር አስለበሰችኝ። ጨዋታውን በአጭሩ ነገረችኝ። ሳህን የመሰለውን ዲስክ የያዘ ሰው አይራመድም፣ አስር ሳይቆጠርበት ይወረውራል። በሜዳው ሁለት ጫፍ ከምን አለሽ ተራ የመጡ የቀለም ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ በተጋጣሚው ጫፍ ከጣሳዎቹ ወዲያ የቀለበ ነጥብ ያገኛል። የእኔ ሥራ ከተጋጣሚው ቡድን አንዲት ረጅም ልጅ እንዳትቀልብ እየተከታተልኩ ማርክ ማድረግ ነው። መንካት ክልክል ነው። ዳኛ ስለሌለ የነካ ሰው ራሱ ይናገራል።

ረጅሟ ልጅ ልትሮጥ ስትል እጄ ሳላዘው ሄዶ እጅጌዋን ጨበጠ። ቆም ብላ አየችኝና፣

«እትዬ፣ ይልቀቁኝ፣ ዛሬ ምንም አልገዛም» አለች።

ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ነክቻለሁ አልኩና ለቀቅኳት። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ያዝኳት። እጄ ለካ የራሱ አመል አለው። ከዚያ ፈርቼ ራቅ ብዬ ስቆም ቀለበችና እኩል ሆንን። ቀጣዩን ነጥብ ያገባ ያሸንፋል ተባለ።

ልጄ በአጠገቤ ስታልፍ ጎንበስ ብላ፣

«እማ፣ እንደ አባዬ» አለችኝ።

እኔም ዞሬ አላየኋትም፣ ባያት እንደማለቅስ አውቄ። እጆቼን ወደ ኋላ አጣመርኩ።

ተጋጣሚዎቻችን ዲስኩን እየተቀባበሉ ወደ እኛ ጣሳዎች ተጠግተዋል። ሜዳው ሰፊ ቢሆን ኖሮ ልጅቷን አልደርስባትም ነበር። የቀረው ቦታ ግን እንደ እኛ መተላለፊያ ጠባብ ነው። በጣሳዎቹ በኩል ግማሽ እርምጃ ቀድሜ ቆምኩ። ፊቷን ወደ ትምህርት ቤቱ በር አዞረች፣ ጫማዋ ግን ወደ ግንቡ ነበር። ወደ ግንቡ ሄድኩ። ተመለሰች፣ እኔም አብሬያት ተመለስኩ። ወርዋሪው የሚጥልላት ቦታ አጥቶ ሲያመነታ፣ ዲስክ ይዞ የሚቆይበት ቆጠራ ሊያልቅበት ሆነና ዝም ብሎ ለቀቀው። እጄን ከኋላዬ ያወጣሁት ያኔ ነው። ዲስኩ መዳፌን መትቶ ወደቀ። የወደቀ ዲስክ ለእኛ ነውና ልጄ አንስታ በረጅሙ ወረወረችው፣ ጓደኛዋ ከወዲያኛው ጣሳ ኋላ ቀለበችው።

ረጅሟ ልጅ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ ብላ እየሳቀች፣

«እሺ እትዬ፣ ስንት ነው?» አለችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ መሳለሚያ ላይ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ደረቷን እንደ እሱ ነፋ አድርጋ ከፊቴ ትራመድ ጀመር። አባዬ እንዲህ ነበር፣ ሲያስነጥሰው እንኳ እጁን ከኋላ አያወጣም ነበር አለችኝ። እንዴት እንደሚያስነጥስም አሳየችኝ። ሰዎች ጥቁር ቀሚሴንና ከስሩ የሚታየውን ቱታ እያዩ ሲያልፉ፣ እኛ መንገዱ መሃል ቆመን ሳቅን።