ፀሐይ ያላየው አንሶላ

በሰፈሩ በሩ የተቆለፈበት ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነበር። ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ትልቁም ትንሹም «አባ ቁልፍ» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ የተዘጋ በር ሲከፍቱ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ በር ምን ያህል ደካማ ነገር እንደሆነ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ሌላው ሰው ቆልፎ ይተኛል፤ እሳቸው ግን ቆልፈው ያድራሉ እንጂ አይተኙም። የትኛውም ቁልፍ በአንዲት ቀጭን ሽቦና በጥቂት ትዕግሥት እጁን እንደሚሰጥ በገዛ ጣቶቻቸው አይተዋልና፣ በመስኮታቸው ላይ እንኳ ሁለት መቀርቀሪያ ገጥመው ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ለሌላው ተረት ነው፤ ለእሳቸው እንደ ጸሎት ነበር።

ሚስታቸው በሕይወት ሳለች ልብሱ የሚሰጣው በግቢው ገመድ ላይ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ማጠቡም ማስጣቱም የእሳቸው ሆነ። ግቢው ደግሞ የጋራ ነው፤ ብዙ ሰው ይወጣበታል፣ ይገባበታል። «የተቆለፈውን የማይምር ሰው የተሰጣውን ይተውልኛል?» ብለው በክፍላቸው ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ወጠሩ። አንሶላውንም ሸሚዙንም በዚያው እየሰቀሉ፣ መስኮቱን ቀርቅረው፣ በሩን ቆልፈው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ልብሱም በጨለማ ቀስ እያለ ይደርቃል፤ ወይም የደረቀ ይመስላል። አፍንጫ ቤቱን ይለምዳልና እሳቸው አንድም ቀን ምንም አልሸተታቸውም።

አንድ እሑድ ልጃቸው መዳህ የጀመረች ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። ወደ ሥራዋ ልትመለስ ነው፤ ቀን ቀን ሕፃኗን አያቷ ዘንድ ልታውል አስባለች። አባ ቁልፍ ይህን ሲሰሙ ደስታቸውን ለመደበቅ ያልያዛቸውን ሳል ሳሉ። እሷ ግን ሕፃኗን አልጋው ላይ አስቀመጠችና ትራሱን ወደ አፍንጫዋ ጠጋ አድርጋ ፊቷን አጨማደደች። ሕፃኗም አንዴ ማስነጠስ ከጀመረች አላቆመችም።

«አባዬ፣ ይህ የሚሸተው ምንድን ነው?»

«ምን ይሸታል? ትናንት ያጠብኩት ነው።»

«መታጠቡንስ ታጥቧል። ግን ሻግቷል።»

«ሳሙና እኮ አልቆጥብም!»

«አባዬ፣ አትቀየመኝ። የልጅቷ ደረት ይህን አይችልም። ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ፤ ካልሆነ አማቴ ዘንድ እልካታለሁ።»

አማቷ የሚኖሩት ሩቅ ከተማ ነው። እዚያ ያደገች ልጅ ይህን አያቷን የምታውቀው በፎቶግራፍ ብቻ እንደሚሆን አባ ቁልፍ ወዲያው ገባቸው።

በማግስቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጦርነት ከፈቱ። ሳሙናውን እጥፍ አደረጉት፤ ሽታው ተመለሰ። ልብሱን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፈው አሳደሩት፤ ሽታው ባሰበት። ሽቶ ነሰነሱበት፤ ክፍሉም ለሠርግ የተጠራ እርጥብ ጆንያ መሰለ። ሳሙናው የተበረዘ ነው ብለው ባለሱቁን ጠረጠሩ። ውኃውን ጠረጠሩ። ሳፋውን ሳይቀር ገልብጠው መረመሩ። ያልጠረጠሩት መስኮታቸውን ብቻ ነበር።

ከእሳቸው በር ፊት ለፊት የምትኖር፣ የሰው ልብስ በማጠብ የምትተዳደር ሴት አለች። አባ ቁልፍ የሳፋቸውን አረፋ ሲደፉ አይታ አላስቻላትም።

«አባባ፣ ከሳሙና ፋብሪካ ጋር ተጣልተዋል እንዴ? ግቢውን አጥለቀለቁት እኮ።»

«የራስሽን እጠቢ።»

«የራሴንማ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ የሰው ነው። ሳሙና ሲበዛ ከጨርቁ አይወጣም፤ ሽታውን አቅፎት ይቀመጣል።»

«ሽታ መኖሩን ማን ነገረሽ?» አሉ አባ ቁልፍ ዓይናቸውን አጥብበው።

«ኧረ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም! እርስዎ ባለፉ ቁጥር ዝናብ የመታው ኮርቻ ያለፈ ይመስለኛል። ባለቤትዎን አክብሬ ዝም ብዬ እንጂ።»

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቅዳሜ ትዝ አላቸውና መልሰው ዘጉት። ከዚያም፣ ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው፣ «ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ።

«ሙቅ ውኃ ላይ ትንሽ አቸቶ ጠብ ያድርጉና ይዘፍዝፉት። ጥቂት ይቆይ፤ አይደር። ከዚያ በትንሽ ሳሙና አጥበው፣ አረፋው እስኪጠፋ ያለቅልቁት። ይህ ግማሹ ነው።»

«ግማሹስ?»

በአገጯ ወደ ግቢው ገመድ አመለከተች። «እዚያ ነው። ፀሐይና ነፋስ።»

«እሱማ አይሆንም። እኔ በሰው አላምንም፤ ከራስ በላይ ነፋስ ነው።»

«ታዲያ ነፋሱን ያስገቡታ!» ብላ ሳቋን ለቀቀችው።

ዓርብ ጠዋት፣ ሌላ መንገድ ሲያጡ፣ እንዳለቻቸው በአቸቶ ዘፍዝፈው ያጠቡትን ሁሉ ግቢው ገመድ ላይ አሰጡት። ዱካ አምጥተው አጠገቡ ተቀመጡ፤ የመሣሪያ ሣጥናቸውንም እግራቸው ሥር አኖሩ። የሚያልፈውን ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ያዩታል። «አባ ቁልፍ፣ አንሶላው እንዳያመልጥ ነው?» የሚላቸው አልጠፋም።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል አንዲት ጎረቤት ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«አባ ቁልፍ፣ ይድረሱልኝ! ነፋሱ በሩን ዘጋብኝ! ልጄ ውስጥ ነው፣ ምድጃው ላይ ድስት ጥጃለሁ!»

አባ ቁልፍ ተነሡ። አስቀድሞ የተዘረጋው እጃቸው ወደ አንሶላው ነበር፤ እርጥቡን ጠቅልለው ወደ ቤት ሊያስገቡ። ያን ጊዜ ከበሩ ወዲያ ያለው ልጅ ታያቸው። እጃቸውን መለሱና ሣጥናቸውን አንሥተው ሮጡ። ወደ ኋላቸው አልዞሩም ማለት ውሸት ነው፤ ሁለት ጊዜ ዞረዋል።

ቁልፉ ግትር ሆኖ ላባቸውን አፈሰሰው። በመጨረሻ በሩ ሲከፈት ድስቱ አርሮ ቤቱን ጭስ ሊሞላው ተቃርቧል፤ ልጁ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የስኳር ዕቃውን እየላሰ ነበር። እናቱ ስትስቅና ስታለቅስ ትተዋት ወደ ግቢያቸው ገሠገሡ።

ገመዱ፣ አንሶላውን ካሰጡበት በኩል፣ ባዶ ነበር።

ሊጮኹ አየር ሲስቡ ግን የግድግዳው ጥላ ያን ቦታ እንደሸፈነው አስተዋሉ። ልብሱ ከዳር እስከ ዳር ወደ ፀሐዩ ተዛውሯል፤ ያልደረቀውም ገጽ ተገልብጧል። ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። የጎደለ የለም፤ እንዲያውም አንድ ተርፏል፦ ከእጥበት ብዛት የለሰለሰች ትንሽ የሕፃን ብርድ ልብስ።

«ልብሴን የነካው ማን ነው?» አሉ፣ እንደ ዳኛ።

«እኔ ነኝ» አለች አጣቢዋ ከሳፋዋ ሳትነሣ። «ጥላው በመጣ ቁጥር አሸሸሁት። ይክሰሱኝ!»

«ይህችስ ትንሿ?»

«የልጆቼ ነበረች። እነሱ አድገዋል። የልጅ ልጅ ሊመጣልዎት ነው ሲባል ሰማሁ።»

«በምን ምክንያት ሰጠሽኝ?»

«አይ አባባ! ምክንያቷን ከስፌቷ ውስጥ ይፈልጓታ!»

እውነትም ፈለጉ። ዳርና ዳሯን ዳሰሱ፣ ገለበጧት፣ ወደ ብርሃን አነሷት። የተደበቀ ነገር የላትም። በመጨረሻ ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት። ምንም አልሸተተችም። የገዛ አንሶላቸውንም አሸተቱ፤ እሱም እንዲያው። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፣ ቃሉ ከጉሮሯቸው እንደዛገ ቁልፍ እየተንቋቋ ወጣ።

ማታ ሳይመሽ ከመስኮታቸው ላይ ሁለቱንም መቀርቀሪያ ነቀሉ። አንዱን መልሰው ገጠሙት፤ ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም። ቀን ቀን ግን መስኮቱ ይከፈታል ብለው ቆረጡ።

ቅዳሜ ልጃቸው ገባች። ትራሱን አነሣች፣ አሸተተች፣ ደግማ አሸተተች። ከዚያ ሕፃኗን አልጋው ላይ አስቀመጠችና ከቦርሳዋ ጡጦና የሚቀየር ልብስ አውጥታ መደርደሪያው ላይ ደረደረች።

«ሰኞ በጊዜ ነው የማመጣት፣ አባዬ» አለች።

አባ ቁልፍ ያልያዛቸውን ሳል ሳሉ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ግቢው ገመድ ላይ ትንንሽ ልብሶች ይውለበለቡ ነበር። አባ ቁልፍ ዱካቸውን አውጥተው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ብርድ ልብሷ ላይ በአሮጌ ቁልፍ ወደምትጫወተው ሕፃን፣ ጀርባቸው ግን ወደ ገመዱ ነበር።