አጫጁ ቨርጅል

ቨርጅል ፕሩት ነሐሴ ሲገባ ቁርስ መብላት ይተዋል። ሚስቱ ሎሬን እንቁላሉን ጠብሳ ብታቀርብለትም ገፋ ያደርገዋል፤ ያቅለሸልሸዋል። በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ባለ አንድ የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራው ሥራ አንድ ነው። በየዓመቱ ለልምምድ ከሚሰበሰቡት ዘጠና ተጫዋቾች መካከል የማይፈለጉትን በር በማለዳ እያንኳኳ፣ "ሥራ አስኪያጁ ይፈልግሃል፤ ደብተርህን ይዘህ ና" ይላቸዋል። ደብተር የሚባለው የቡድኑ አጨዋወት በሙሉ የተሣለበት ወፍራም ጥራዝ ነው፤ እሱን ያስረከበ ልጅ ምሳ ሳይደርስ አውቶቡስ ላይ ነው። ተጫዋቾቹ ቨርጅልን "አጫጁ" ይሉታል። ኮሪደር ላይ ሲያዩት ግድግዳ ተጠግተው ያሳልፉታል።

ሥራውን አይወደውም ማለት ማሳነስ ነው፤ ይጸየፈዋል። የመኝታ ክፍሎቹ የላብና የቅባት ሽታ፣ በር ላይ ቆሞ የሚያወጣው ያ የውሸት ለስላሳ ድምፅ፣ የሚያንኳኳበት የገዛ ጣቱ ሳይቀር ይቀፈዋል። ቢሆንም "የሚቆርጠው ሌላ፣ እኔ ማንኳኳት ብቻ፤ ከደሙ ንጹሕ ነኝ" እያለ ኖሯል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሥራ አስኪያጁ ግራንት ሆልዌይ ቡድን በመገንባት አገር ያደነቀው ሰው ነው። ጭራ የነበረውን ክለብ በሦስት ዓመት ለዋንጫ አብቅቶታል። ጋዜጠኞች ምስጢሩን ሲጠይቁት "ሰው ማወቅ ነው" ይላል። ቢሮው ግድግዳ ላይ ግን ዘጠና ስሞች በማግኔት ተለጥፈዋል። የተሰናበተውን ይነቅልና ጣሳ ውስጥ ይጥለዋል፤ ኳ ይላል።

በዚህ ዓመት፣ ሰኞ ጧት፣ ግራንት አንድ ወረቀት ሰጠው።

"ስልሳ አራት ቁጥር፣ ማርሴለስ። ደብተሩን ከመቀበልህ በፊት ይቺን አስፈርመው።"

ቨርጅል አነበበው። ልጁ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ መሰናበቱን፣ ክለቡንም ምንም እንደማይጠይቅ ይናገራል። ከታች የምስክር ቦታ አለ፤ ምስክሩ ሁልጊዜ ቨርጅል ነው።

"ግራንት፣ ይሄ ልጅ ሐሙስ በወዳጅነት ግጥሚያው ጭንቅላቱን ተመትቶ የባላጋራ ቡድን ወንበር ላይ ሄዶ ሲቀመጥ አይተኸዋል እኮ።"

"አይቻለሁ። የተጎዳ ሰው ማሰናበት አይቻልም፤ እስኪድን ድረስ ቦታ ይዞብኝ ሊቀመጥ ነው። በሱ ፈንታ ጤነኛ አግኝቻለሁ። ዋንጫ በመራራት አይመጣም። ደግሞ አንተ ዛሬ ነው እንዴ የጀመርከው?"

ቨርጅል ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ዛሬ አልጀመረም።

ማርሴለስ ቲቦዶ ከሉዊዚያና የመጣ የሃያ ሦስት ዓመት ግዙፍ ልጅ ነው። በሩን ሲከፍት ክፍሉ ጨለማ ነበር፤ ብርሃን ዐይኑን ስለሚወጋው መጋረጃውን ዘግቶታል። አጫጁን ሲያይ አልጋው ላይ ዘፍ አለ።

"በር ተሳስቼ ነው በሉኝ፣ ሚስተር ቨርጅል።"

"አልተሳሳትኩም፣ ልጄ።"

ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ ሲያየው ቆየና መለሰለት። "እስቲ ያንብቡልኝ። ፊደሉ ይሮጥብኛል።"

ቨርጅል አነበበለት። "ሙሉ ጤነኛ" የሚለው ላይ ሲደርስ ምራቁ መረረው።

"አትፈርም" አለው በሩን ገፋ አድርጎ ዘግቶ። "ታመሃል። ካልፈረምክ ሊያሳክሙህ ግዴታቸው ነው።"

"ይቀልዳሉ እንዴ? ጭንቅላቱ ተበላሽቷል ተብሎ ከተጻፈብኝ ማን ይጠራኛል? ጤነኛ ነኝ! ነገ ሌላ ክለብ ይደውላል።"

ላም አለኝ በሰማይ። እስክሪብቶውን ከቨርጅል ኪስ መዞ ፈረመ።

"ዛሬ ስንት ነው?" አለ ቀኑን ሊጽፍ።

"ሃያ ስድስት።"

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈ ቆየ። "ስንት አሉኝ?"

"ሃያ ስድስት፣ ልጄ።"

ቀኑን ግን አልጻፈም። ከዚያ ገና አሁን እንደሚጠይቅ ሰው ፈገግ ብሎ ቀና አለ። "ቀኑ ስንት ነው፣ ሚስተር ቨርጅል?"

ቨርጅል ነገረውና እስክሪብቶውን ተቀብሎ ወረቀቱን ቀኑ ሳይጻፍበት ይዞ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆመ። የተጸየፈው ግራንትን ብቻ አልነበረም። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በምስክሩ ቦታ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ "ቀኑን ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሦስት ጊዜ ነገርኩት፤ ሊይዘው አልቻለም። ቨርጅል ፕሩት።" ከዚያ የግራንት ጸሐፊ ዘንድ ገብቶ የተጫዋቾችን መብት ለሚያስከብረው ማኅበር በፋክስ ላከው። ግራንት ጋ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ግራንት ሲያነበው ፊቱ በርበሬ መሰለ። "ሌላ ወረቀት አስፈርመው!"

"ማኅበሩ ዘንድ ደርሷል። አሁን ያለህ ምርጫ ማሳከም ብቻ ነው።"

"ውጣ" አለው ግራንት። "ቁልፍህን ጸሐፊዋ ጋ ተው።"

ወሬው ግን እሱን ቀድሞ ሄዶ ነበር። ማርሴለስ ደረጃው ላይ ጠበቀው፤ የደረጃውን መደገፊያ ጭብጥ አድርጎ ይዟል፣ ዐይኑ ደም ለብሷል።

"ማን ለመነዎት? እ? በአንድ መስመር ገደሉኝ! አሁን የተበላሸ ዕቃ ነኝ። ለወኪሌ እነግረዋለሁ፣ ይከስዎታል፤ ስምዎን..." ንግግሩ ተቋረጠ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የሚፈልገው ቃል አልመጣም። ቁጣው ከፊቱ ላይ ተንኖ ፍርሃት ተተካበት።

"ስምዎ... ማን ነበር?"

"ቨርጅል" አለው ሽማግሌው፤ ክንዱን ይዞም ቀስ ብሎ ደረጃው ላይ አስቀመጠው።